የታጠበ ቆሻሻ

ኦፒው በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ከሥራ ተባሯል። ጠጪ ሆኖ አይደለም፤ እጁም አመል አልነበረበትም። የጋምቤላን ገበያ እንደ እሱ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ጠራጊ አልነበረም። የሚባረረው ጊዜያዊ ሠራተኛ ስለሆነ ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ከሦስት ወር በላይ በተከታታይ ከሠራ ቋሚ ልሁን ብሎ ይጠይቃል ተብሎ ተፈርቷል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የስንብት ደብዳቤ ይሰጠዋል፣ አንድ ቀን ሥራ አጥ ሆኖ ይውላል፣ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይቀጠራል። መንግሥት ሲለወጥ፣ ጋምቤላም ክልል ስትሆን ብዙ ነገር ተለዋወጠ፤ ይህቺ አሠራር ግን ንቅንቅ አላለችም።

በተባረረበት ቀን ግቢ መግባት ስለማይፈቀድለት መረቡን አንጠልጥሎ ወደ ባሮ ይወርዳል። ሚስቱ አሪየት ይህን ቀን ትወደው ነበር። ሳምንት ሲቀረው ጀምራ «መቼ ነው የምትባረረው?» ትለዋለች፤ ዘይት ልታዘጋጅ። ልጆቹም ዓሣ የሚበላው አባት ሲባረር ነው ብለው አደጉ።

ችግሩ ወባ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ኦፒውን ወባ ትጥለዋለች፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ደግሞ የሕመም ፈቃድ የለውም። ከቀረ ቀረ፣ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል። አንድ ክረምት ላይ የሥራ ባልደረባው ኩን ቀበቶውን ይዞ እየደገፈው፣ ኦፒው እየተንቀጠቀጠ ገበያውን ጠርጓል። ስለዚህ ኦፒው «ቋሚ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ደመወዝ አይታየውም፤ ሹመትም አይታየውም። የሚታየው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ሰው ነው። በሰላም መታመም፣ በቃ፣ ምኞቱ ይኸው ነበር።

ክልልነት ይዞልን ከመጣው ነገር ሁሉ ጎልቶ የታየው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፈተ፤ ቢሮ ባለበት ስብሰባ አለ፣ ስብሰባ ባለበት ሃይላንድ አለ። ፌስታሉ ከደጋ በአይሱዙ እየተጫነ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኒሙ ዛፍ ጥቁር ፌስታል አበበ። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲስብ ግማሹ ፌስታል ሆነ። የኑዌሯ ኛቢየል፣ በገበያው ውስጥ ወተት የምትሸጠው፣ ሆዷ ተነፍቶ የሞተች ላሟን ስታስከፍት የሰው ጭንቅላት የሚያህል የፌስታል ድብልብል ወጣ። ያን ዕለት ኛቢየል እንደ ሰው አለቀሰችላት። ዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ላይ ጉዳዩ ስብሰባ ተጠራበት። በስብሰባውም ብዙ ሃይላንድ ተጠጣ።

መፍትሔው ከባሕር ማዶ በስጦታ መጣ፦ ቆሻሻ አንድዶ ውሃ የሚያፈላ፣ በእንፋሎቱ ዲናሞ አዙሮ መብራት የሚያወጣ ማሽን። ከኃላፊው ከአቶ ወንዳፈረው ቤት የሚበልጥ የሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያና አጥር ተሠራለት። ሰዉም ይህን አይቶ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብሎ ተሳለቀና ማሽኑ «ጅቡ» ተብሎ ቀረ።

አቶ ወንዳፈረው የጽዳቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከደጋ ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ጋምቤላ ውስጥ ኮታቸውን ሲያወልቁ ያያቸው የለም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ግን አይታያቸውም።

«ኦፒው፣» አሉት ጠርተው፣ «ከቄራው ጀርባ ባለው ጉድጓድ ቆሻሻ ስታቃጥል የኖርከው አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ የማሽኑ ባለሙያ ነህ።»

«ቋሚ ባለሙያ ነው፣ አቶ ወንዳፈረው?»

«ጊዜያዊ ባለሙያ።»

ጅቡ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሠርግ ነበሩ። ኦፒውና ኩን ከገበያው፣ ከወንዙ ዳር፣ ከዛፉ ላይ ፌስታል እየለቀሙ አጎረሱት። ጥቁር ጭስ ከተማው ላይ ተንጠለጠለ፤ አሪየት ያሰጣችው ዓሣ ፌስታል ፌስታል አለ። ይሁን እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ አንዲት አምፖል በራች፤ ሰዉም እያሳለ ሊያያት ይመጣ ነበር። ኦፒውም ኮራ። ዕድሜውን ሙሉ ያቃጠለው ቆሻሻ ጭስ እንጂ ሌላ ነገር ወልዶ አያውቅምና።

በአራተኛው ሳምንት ቆሻሻው አለቀ።

አዎ፣ አለቀ። ማሽኑን የላኩት ሰዎች የከተማውን ቆሻሻ የገመቱት በራሳቸው ከተማ ሰው ልክ ነው። የጋምቤላ ሰው ምን ይጥላል? ሃይላንዱ የዘይት ዕቃ ይሆናል፣ ሲቀደድ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፣ ክዳኑ የልጅ መጫወቻ ይሆናል። ጀሪካን ሲያረጅ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ለዶሮ ግማሹ ለሳሙና ይሆናል። ዛፉ ላይ የነበረው ፌስታል የዓመታት ጥርቅም ኖሯል። እሱ ከተበላ በኋላ ጅቡ ጦሙን አደረ፤ አምፖሏም ጠፋች።

ጽሕፈት ቤቱ የቆሻሻ እጥረት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ለሦስት የደጋ ከተሞች «ትርፍ ቆሻሻ ካላችሁ በትብብር እንድትልኩልን» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ሁለቱ አልመለሱም። ሦስተኛው ምን ዓይነት ቆሻሻ፣ በየትኛው የጥራት ደረጃ እንደሆነ ይገለጽልን ሲል መለሰ። በመጨረሻ ኦፒው ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ፣ በአኙዋክኛም በኑዌርኛም በአማርኛም፣ መንግሥት ቆሻሻችሁን ይፈልጋል ብሎ ለፈፈ።

ሰዉ እሺ አለ። በማግሥቱ ሴቶቹ፣ ኛቢየልን ከፊት አስቀድመው፣ ቆሻሻቸውን በራሳቸው ተሸክመው መጡ። ኦፒው ሲያይ ደስ አለው፤ ቀረብ ብሎ ሲነካው ግን ክው አለ። ፌስታሉ ሁሉ በሳሙና ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ እንደ ነጠላ ተጣጥፏል። ሃይላንዱ በአሸዋ ተፈትጎ ያብረቀርቃል። የሙዝ ልጣጭ እንኳ ሳይቀር ታጥቧል። ውሃ ያንጠባጥባል።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?» አላት።

«ቆሻሻ።»

«ታጥቧል እኮ!»

«ታዲያስ?» አለች ኛቢየል። «ሰው ቅል ሲሰጥህ፣ ወተት ጠጣህ። ሳታጥብ ትመልሳለህ? ፌስታል ከላይ አገር መጣ። አሁን መንግሥት መልሱ አለ። እኛ አጥበን መለስን። ሰው ነን።»

ኦፒው ራሱ አኙዋክ ነው። በአኙዋክም ቤት ቢሆን ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም። ተቀበለና ጅቡን አጎረሰው። ጅቡም ፍስስስ ብሎ ጠፋ። እንዳያሰጣው ወሩ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ በቀን ሁለቴ ይወርዳል።

አቶ ወንዳፈረው ነገሩ ሲነገራቸው ኮታቸውን አስተካክለው ማስታወቂያ አወጡ፦ «ኅብረተሰቡ ቆሻሻውን ሳያጥብ በቆሻሻነቱ እንዲያቀርብ እናሳስባለን።» ኦፒው ይህንንም በድምፅ ማጉያ አሰማ። ባያሰማ ይሻለው ነበር። ኛቢየል በዚያው ከሰዓት ቢሮ ገባች። በእሷ አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም፤ አቶ ወንዳፈረውም ይህን ከለመዱት ቆይተዋል።

«አንተ፣ ቆሻሻ ስጡኝ ትላለህ?»

«አዎ እናቴ፣ ለኃይል ምንጭ...»

«እኔ በእጄ፣ ለትልቅ ሰው፣ የሚሸት ነገር ልሰጥ? ጎረቤት ያየኛል! ልጄን ሊያገባ የሚመጣ ሰው ምን ይላል? ያቺ ሴት ለመንግሥት ቆሻሻ ሰጠች ይላል!»

«ግን እኮ ቆሻሻ ነው!»

«አንተ ትልቅ ሰው ነህ። አፍህን ጠብቅ።» ብላቸው ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጅቡ ምንም አልመጣም። ይባስ ብሎ መንግሥት ከፈለገው ዋጋ ቢኖረው ነው ብሎ ሰዉ ያለችውንም ፌስታል ፍራሽ ሥር ደበቀ። ጋምቤላ እንደዚያ ጸድታ አታውቅም። ኩን ገበያውን ሲጠርግ አፈር ብቻ ነበር የሚያገኘው። እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ቢኖር «ፕላስቲኩ ጠፋልን፣ ተመስገን» ብሎ ማሽኑን ይዘጋው ነበር። አስተዋዩ ግን ስብሰባ ላይ ነበር መሰለኝ፣ አልተገኘም።

እንዲህ እያለ ደብዳቤ መጣ። ማሽኑን የሚመርቁ ከፍተኛ እንግዳ ከአዲስ አበባ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ። አቶ ወንዳፈረው ደብዳቤውን ሲያነቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮታቸውን አንድ ቁልፍ ፈቱ።

«ኦፒው፣» አሉት፣ «አምፖሉ እንግዳው ንግግር ሲጀምሩ ጀምሮ ጭብጨባው እስኪሰማ ድረስ መብራት አለበት። ካበራህልኝ ቋሚ ነህ።»

ኦፒው በጥርጣሬ አያቸው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ነው ከአማርኛ ሁሉ በፊት የተማረው።

«ቃሌ ነው!» አሉ። «ማህደርህ መዝገብ ቤት አለ። ዐሥራ አራት ዓመትህ እዚያ ውስጥ ነው። እሱን ማስረጃ አድርጌ በበነጋታው አጸድቀዋለሁ።»

ኦፒው በዚያ ሳምንት የሠራውን ሥራ የሠራ ሰው የለም። ገለባ ለቀመ፣ የተቀደደ ጫማ ለቀመ፣ የራሱን ቤት ምንጣፍ ሳይቀር አመጣ። የሴቶቹን የታጠበ ፌስታል ቆርቆሮው ሥር አንድ በአንድ ዘርግቶ በማራገቢያ አደረቀ። አቶ ወንዳፈረውም በበኩላቸው «ዋጋ የሌለው ወረቀት ሁሉ ለማገዶ ይውጣ» ብለው ትእዛዝ ሰጡ፤ ከመዝገብ ቤት ዐሥራ ሁለት ካርቶን ወጣ።

የምረቃው ቀን እንግዳው ገቡ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። አምፖሏ ከመድረኩ ጎን በእንጨት ላይ ተሰቅላለች። ኦፒው ከሸምበቆው አጥር ጀርባ ጅቡን አጎረሰ፣ እንፋሎቱ ጮኸ፣ ዲናሞው ዞረ፣ አምፖሏም በራች። ግን ማን ይያት? በዚያ ፀሐይ የበራችና ያልበራች አምፖል አንድ ናት። ሰዉ አንገቱን እያሰገገ አየ፤ ማንም ምንም አላየም። አቶ ወንዳፈረው ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ ኩን ጥቁር ጃንጥላ ተሰጥቶት አምፖሏ ላይ ደፍቶ እንዲቆም ተደረገ። የክብር እንግዳው ጎንበስ ብለው ጃንጥላው ውስጥ ገብተው አዩና «በርቷል!» አሉ። ተጨበጨበ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሹማምንቱ ተራ በተራ ጃንጥላው ውስጥ ጭንቅላታቸውን እያስገቡ ወጡ።

ከዚያ ንግግር ተጀመረ።

ኦፒው ግማሽ ሰዓት ብሎ ነበር ያሰበው። በግማሽ ሰዓት እንግዳው ገና «በመጀመሪያ ደረጃ» ላይ ነበሩ። ገለባው አለቀ። ጫማው አለቀ። የታጠበው ፌስታል አለቀ፤ የኛቢየል ሳሙና በጭሱ ውስጥ ይሸት ነበር። ምንጣፉ ገባ። ካርቶኖቹ ተከፈቱ፤ የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ አንድ በአንድ ገባ። ሲነድ ግን ጥሩ ነበር፤ የቆሻሻ እጥረት ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ብቻውን አንድ አንቀጽ ንግግር አስኬደ። ኦፒው በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ወደ እንግዳው ሃይላንድ አየ። ግማሹ አልተጠጣም። ከፊት ረድፍ የተቀመጠችው ኛቢየል የራሷን ባዶ ሃይላንድ አቅፋ ይዛለች። እጁን በቀዳዳው አውጥቶ ለመናት። እሷም ጣቷን ነቅንቃ ከለከለችው፤ አልታጠበማ!

«በስድስተኛ ደረጃ፣» አሉ እንግዳው።

ዐሥራ ሁለተኛው ካርቶን ቀረ። ኦፒው ቀደደው። ውስጡ ዘጠኝ አረንጓዴ ማህደር አለ። የላይኛውን አነበበ፤ ኩን ይላል። ሁለተኛውን አነበበ፤ የቄራው ዘበኛ ነው። የጊዜያዊ ሠራተኞች ማህደሮች ነበሩ፤ መዝገብ ቤቱ ዋጋ የሌለው ወረቀት ሲባል ያወጣው ይህን ነው። ከሥር፣ ከሁሉም ወፍራሙ፣ በገመድ የታሰረው የእሱ ነበር። ሃምሳ ስድስት የስንብት ደብዳቤ፣ ሃምሳ ሰባት የቅጥር ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ ማኅተም ያለበት።

ኩን ከጃንጥላው ሥር ሆኖ «ኦፒው! ቀላች! ልትጠፋ ነው!» ብሎ ተንሾካሾከ።

ኦፒው ማህደሩን ታቅፎ ቆመ። አምፖሏ ከጠፋች ቋሚነት የለም። ማህደሩ ከነደደ ማስረጃ የለም። ሌሎቹን ስምንቱን ልማግድ እንዳይል የኩን እጅ ቀበቶው ላይ ታወሰው፤ ዓይኑ እያየ አያደርገውም። «አቶ ወንዳፈረው ስድስት ዓመት በየቀኑ አይተውኛል፣» ብሎ አሰበ። «ወረቀት ቢጠፋ እኔ አልጠፋ። ሰው ሰውን ያውቃል።» ስምንቱን ማህደር መልሶ ካርቶን ውስጥ ከተተ። የራሱን ማህደር ገመድ ፈትቶ ጅቡ አፍ ውስጥ ከተተው።

ጅቡ አጉረመረመ። ኩን «ኧረ!» አለ፤ አምፖሏ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ በርታ አታውቅም። እንግዳውም በዚያች ብርሃን ላይ «በመጨረሻም» አሉ፣ መጨረሻውንም ጨረሱ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ አምፖሏ ጠፋች፤ ማንም አላያትም።

በበነጋታው ኦፒው ታጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ቢሮ ገባ። አሪየት የወባ ጊዜ ይሆነዋል ብላ ብርድ ልብሱን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታው ነበር። አቶ ወንዳፈረው ከወንበራቸው ተነሥተው አቀፉት። ከዚያ ማህደሩ ይምጣ አሉ። ማህደሩ የለም ተባለ። ኦፒው የሆነውን ነገራቸው። የእሳቸውም ዓይን እንባ አቀረረ።

«ኦፒው፣ ምን አደረግህ? ያለ ማህደር እኮ አንተ እዚህ ሠርተህ አታውቅም።»

«እርስዎ ያውቁኛል። ይመስክሩልኝ።»

«እኔ የምመሰክረው ለሠራተኛ ነው። ሠራተኛ መሆንህ የሚረጋገጠው በማህደር ነው።»

«ታዲያ ትናንት አምፖሉን ማን አበራው?»

አቶ ወንዳፈረው ለአዲስ አበባ ወደሚጽፉት የምረቃ ሪፖርት አዩ። ጭንቅ ላይ ነበሩ። ከዚያ ጻፉ፦ ማሽኑ ያለ ሰው ኃይል ራሱን ችሎ ይሠራል። ሪፖርቱ አዲስ አበባ ደርሶ በጣም ተወደደ አሉ። እንግዳውም ከመሄዳቸው በፊት «ያ ጃንጥላ የያዘው ሰው ታታሪ ነው፣ እንዲታሰብበት» ብለው ስለነበር የኩን ማህደር ተፈልጎ ከካርቶኑ ውስጥ ተገኘ። ኩን በአራት ዓመት አገልግሎት ቋሚ ሆነ። ለኦፒው ደግሞ አቶ ወንዳፈረው የሚችሉትን አደረጉለት፤ በዚያው ቀን በአዲስ ማህደር፣ ለሦስት ወር፣ በጊዜያዊነት ቀጠሩት።

ደብዳቤውን ይዞ ሲወጣ ኩን በሩ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ኦፒው ትከሻውን መታ አደረገው።

«አንተ ከአምፖሉ ሥር ነበርክ። የእኔው ማህደር ስንት ደቂቃ አበራ?»

ኩን አፍንጫውን ጠረገ። «አራት ደቂቃ ገደማ። ግን በጣም ደማቅ ነበር።»

«ዐሥራ አራት ዓመት፣ አራት ደቂቃ፣» አለ ኦፒው፣ ሳቁ መጣበት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ፊቱን በደብዳቤው ሸፈነ።

ዝናቡ ጀመረ። ኛቢየል ከወተት ገበያ ስትመለስ አይታው ቆመች። ወሬው ገበያ ከደረሰ ቆይቷል። ከጉያዋ አንድ ጥቁር ፌስታል አወጣች፤ ታጥቧል፣ ደርቋል፣ አራት ቦታ ታጥፏል። ደብዳቤውን ከፊቱ ላይ ወሰደች፣ ፌስታሉ ውስጥ ከተተች፣ ውሃ እንዳያስገባ አፉን ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችና በእጁ አስያዘችው።

«ቤትህ አስቀምጠው፣» አለችው። «ቢሮ አትስጣቸው። እነሱ ያቃጥላሉ።»